ባለቤቴ እምቢ ብላኝ ነው

ድምፁን ነው ቀድሜ የሰማሁት። ፊቱን ባየው ኖሮ ምናልባት አልለየውም ነበር፤ ጸጉሩ ሸሽቷል፣ አንገቱ ወፍሯል፣ መነጽሩም ሌላ ነው። ድምፁ ግን ያው የዱሮው ነው። ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ሊያዳምጠው የተፈጠረ የሚመስለው፣ አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር ጭብጨባ እንደሚጠብቅ ቆም የሚል ድምፅ። ያለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬ ጽጌ የልጅ ልጇን ክርስትና አስነስታ፣ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ፒችትሪ ኮርነርስ በሚገኘው በትልቁ ልጇ ቤት ተጋብዘን ነበር። ሳህኔን ይዤ መቀመጫ ስፈልግ ከሳሎኑ ጥግ «አርሊ ዲሲዥን» የሚል ቃል ጆሮዬ ውስጥ ጥልቅ አለ። ይህን ቃል ከሰማሁ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። ዳግመኛ ሳልሰማው ብሞት ቅር አይለኝም ነበር።

ለማያውቀው ልንገረው። እዚህ አገር የሕግ ትምህርት ቤት መግባት የሚፈልግ ሰው ለብዙ ትምህርት ቤት ያመለክታል፤ የተቀበሉትን ደርድሮ፣ ማን ስኮላርሺፕ እንደሚሰጠው አወዳድሮ፣ ደስ ያለውን ይመርጣል። አርሊ ዲሲዥን የሚባለው ግን ሌላ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ቀደም ብለህ ታመለክታለህ፤ ከተቀበሉህ ሌላውን ሁሉ ትተህ እነሱ ጋ ልትገባ አስቀድመህ ትፈርምላቸዋለህ። ምን ያህል እንደሚያስከፍሉህ ሳታውቅ ማለት ነው። ቃል የምትገባው አንተ ብቻ ነህ፤ እነሱ የሚገቡልህ ምንም ቃል የለም። ፍትሕ እናስተምራለን የሚሉ ሰዎች ተማሪያቸውን ገና ከደጃፉ እንደዚህ አድርገው መቀበላቸውን ያኔም ንቄዋለሁ፣ አሁንም እንቀዋለሁ።

የጽጌ የመጨረሻ ልጅ ፌቨን ኮሌጅ ልትጨርስ አንድ ዓመት አልቀራትም፤ ጠበቃ መሆን ትፈልጋለች። በአርሊ ዲሲዥን ታመልክት ወይስ ትቅር፣ ቤተሰቡ ከመስከረም ጀምሮ ሲነታረክበት እንደከረመ ጽጌ በስልክ ነግራኛለች። እና አሁን ሶፋው ላይ ጉብ ብሎ ልጅቷን የሚመክራት መኩሪያ ነው። ጀርባው ወደ እኔ ነው።

«እኔ ራሴ ያኔ» ይላል፣ «ማመልከቻው ተሞልቶ፣ ፖስታው ታሽጎ ነበር። ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፣ ሰሜን። ባለቤቴ እምቢ ብላኝ ነው የቀረሁት። ከአትላንታ ንቅንቅ አልልም አለች። ሱቅ አምሯት። እና ልጄ፣ ምክሬ ምንድን ነው? ማንንም ሳትሰሚ ቁረጪ።»

ባለቤቴ የሚላት እኔ ነኝ። ሳህኔን እንደያዝኩ ከጀርባው ባለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ምግቡ ከዚያ በኋላ አፌ ውስጥ ምንም አልጣመኝም፤ የድሮው ነገር ግን ወዲያው ትዝ አለኝ።

የአትላንታው ኦሎምፒክ አልፎ፣ ከተማዋ ለእንግዳ ብላ የተቀባችው ቀለም ገና ሳይለቅ ነው። ክላርክስተን ውስጥ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ቀይ ሸክላ አፓርትመንት ነበር የምንኖረው። ደረጃው ላይ ስትወጣ የአራት አገር ሽንኩርት ይሸትሃል፤ ከታች ቬትናሞች፣ ከጎን ሶማሌዎች፣ ፊት ለፊት ከቦስኒያ የመጡ ባልና ሚስት። ከነዳጅ ማደያው ጥግ የስልክ ሳጥን ነበረች፤ እዚያ ቆመን በሳንቲም ጀርባ የሚፋቅ የስልክ ካርድ እየፋቅን አገር ቤት እንደውል ነበር፣ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስንል ካርዱ ያልቃል። ቤንዚን ጋሎኑ ከዶላር በታች የወረደበት ጊዜ ነው፤ መኩሪያ ታክሲውን ሞልቶ ሲመጣ መንግሥት የወረሰ ይመስል ነበር። ዛሬ ያ ማደያ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ አፓርትመንቱንም ግራጫ ቀብተው፣ የፈረንሳይኛ የሚመስል ስም ሰጥተው፣ እኛ ያኔ በወር የምንከፍለውን ዛሬ ለመኪና ማቆሚያ ሳይጠይቁ አይቀሩም። የቪዲዮ ካሴት የምንከራይበት ሱቅም ጠፍቷል። አርብ ማታ አንድ የሠርግ ካሴት ተከራይተን የማናውቃቸውን ሰዎች ሠርግ እናይ ነበር። የሙሽራዋን ቬሎ ስፌት እያየሁ እጅጌው ጠማማ ነው ስል መኩሪያ ይስቃል። ያኔ ሳቁን እወደው ነበር፤ እሱን አልክድም።

እኔ በሱዳን፣ እሱ በኬንያ በኩል ነው የመጣነው፤ የተገናኘነው እዚሁ ነው። አገር ቤት ሳለ ሁለት ዓመት ሕግ ተምሮ ነበር። ያቺ የሁለት ዓመት ሕግ መቼም አታልቅም! ክላርክስተን ውስጥ ሰው ሁሉ «ጠበቃው» ነው የሚለው። የትራፊክ ቅጣት የመጣበት፣ ከአከራዩ የተጣላ፣ ሚስቱን መፍታት የፈለገ፣ ሁሉም ታክሲው መስኮት ሥር ይቆማል። እሱም መስኮቱን ግማሽ ዝቅ ያደርግና «በሕግ ዓይን ስናየው» ብሎ ይጀምራል። የሚለብሰው ቡናማ የከፋይ ኮት ነበር፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት። ቆዳውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ክርኑ ግን አልተቀደደም ነበር፤ ፕሮፌሰሮች እንዲህ ነው የሚለብሱት ብሎኝ ነው። ደህናውን ኮት አስጥፎ የሚለብስ ወንድ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ብቻ እውነቱን ለመናገር ሰነፍ አልነበረም። ቀን እየነዳ ማታ እየተማረ የኮሌጅ ዲግሪውን ያዘ፤ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውንም ተፈትኖ ጥሩ አመጣ። ውጤቱን ያየን ቀን ወጥ ቤት ውስጥ አቅፎ አዞረኝ፣ የሰሃን መደርደሪያውን በእግሬ አፈረስኩት። ከዚያ በኋላ ነው አርሊ ዲሲዥን የሚባለው ነገር ቤታችን የገባው።

እኔ ደግሞ ሮዝዌል ነበር የምሠራው፣ ሚስስ ሊ የምትባል ኮሪያዊት ሴትዮ ላውንደሪ ውስጥ። ከፊት ልብስ ይቀበላሉ፣ ከኋላ እኔ በስፌት መኪናዬ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ቀሚስ አጠባለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። የሮዝዌል ሴቶች በዚያ ዘመን ትከሻው እንደ ጣሪያ የቆመ ኮት ያመጡና «ትከሻውን አውጪልኝ፣ ፋሽኑ አልፏል» ይሉኛል፤ ያወጣሁትን ስፖንጅ ብሰበስብ ፍራሽ ይወጣው ነበር። ሚስስ ሊ ወሬ አትወድም። አንድ ቀን ምሳችንን እየበላን፣ ቀና ሳትል፣ «እኔ ደክሞኛል። ልጆቼ ይሄን ሥራ አይፈልጉትም። አንቺ ውሰጂው፣ እየሠራሽ ትከፍዪኛለሽ» አለችኝ። «ዛሬ አትመልሺልኝ፤ የኅዳሩ በዓል፣ ታንክስጊቪንግ ሳይደርስ ንገሪኝ» አለችና ዕቃዋን አጥባ ሄደች። ሕይወቴን በሙሉ እንደዚያ ባጭሩ ተነጋግሬ አላውቅም።

መኩሪያ ደግሞ ባጭሩ የሚባል ነገር አያውቅም። ማመልከቻውን ለመላክ ወይም ላለመላክ ሸንጎ ሰበሰበ። ሸንጎው የሚቀመጠው ክላርክስተን ውስጥ በአንድ የእኛ ሰው ምግብ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ነው። ቋሚ አባላቱ ኢንጂነር ታዬና ኮሎኔሉ ነበሩ። ኢንጂነር ታዬ መሃል ከተማ አንድ ሆቴል መኪና ያቆም ነበር። መኪና ማቆሙን አልነቀፍኩም፣ እኔም የሰው ሱሪ ነው የማሳጥረው፤ ግን የምን ኢንጂነር እንደነበር እስከ ዛሬ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ኮሎኔሉም ኮሎኔልነቱን አየር ላይ እንዳገኘው እጠረጥራለሁ፤ አገር ቤት የሚያውቁት ሰዎች አሥር አለቃ ነበር ይላሉ። ሁለቱም የሕግ ትምህርት ቤት በር አይተው አያውቁም። ሁለቱም ግን ስለ ሕግ ትምህርት ቤት የማያውቁት ነገር አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ወጥቼ መኩሪያን ልወስድ ስሄድ ክርክሩ ጦፎ ደረስኩ። ኮቴ ላይ ክር እንደተጣበቀ ቆምኩ። ማንም ወንበር አልሳበልኝም።

«እዚህ ላይ ነው ወንድ የሚለየው» ይላል ኮሎኔሉ ጠረጴዛውን እየደበደበ። «አስቀድሞ ቃሉን የሰጠ ሰው ይከበራል። እነዚህ ፈረንጆች ቁርጠኛ ይወዳሉ።»

«ቆይ እንጂ» ይላል ኢንጂነር ታዬ። «ገብተህ ስኮላርሺፕ ቢከለክሉህስ? ፈርመሃል፣ የት ትሄዳለህ? ተይዘሃል።»

«በሕግ ዓይን ስናየው» ይላል መኩሪያ፣ «ፊርማው ውል አይደለም። የክብር ጉዳይ ነው።»

«አየህ! ክብር!» ይላል ኮሎኔሉ።

ይህ ክርክር ሳምንታት ፈጀ። አንዱ ቅዳሜ ይላካል ተብሎ ይወሰናል፣ በሚቀጥለው ይፈርሳል። በስንት ቢራ እንደተጠና እነሱ ያውቃሉ። እኔን የጠየቀኝ ማንም የለም። መኩሪያ እንኳ የጠየቀኝ በስተመጨረሻው ነው፤ ለዚያውም ጥያቄውን ለእኔ ያቀረበው ሸንጎው ሁለት ቦታ ስለተከፈለበት ይመስለኛል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስቶን ማውንቴን ሐይቁ ዳር መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ላስብበት አልኩት። አሰብኩበትም። ሳምንቱን ሙሉ ስፌት ላይ ሆኜ አሰብኩ። ከመኪናው ሥር የሚወጣውን ስፌት እያየሁ፣ እጄን የተወጋሁበትም ቀን አለ። ላውንደሪውን በዓይኔ ቀለም ቀባሁት፣ ስሜን መስታወቱ ላይ ጻፍኩት፣ አሁን የቆመውን መደርደሪያ አንስቼ ወዲያ ወሰድኩት። ከዚያ ደግሞ መኩሪያን አየሁት፤ ዐርባ ሊሞላው ነው፣ የታክሲውን መስኮት ግማሽ ዝቅ እያደረገ የሰው ጣጣ ሲሰማ ሊያረጅ ነው። ባሌ ነው። ሱቅ ሌላ ይገኛል፣ ለእሱ ግን ሌላ ዕድሜ አይገኝም አልኩ። በማግስቱ ሚስስ ሊን «አመሰግናለሁ፣ አልወስደውም፤ ባሌ ትምህርት ሊገባ ነው» አልኳት። ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ባልሽ ጥሩ ሰው ነው?» አለችኝ። «ጥሩ ነው» አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ማምሻውን እራት ሳቀርብ ነገርኩት። «ላከው። ከተቀበሉህ እንሄዳለን።»

ሹካውን አስቀመጠ። «ሱቁስ?»

«ለሚስስ ሊ አልፈልግም ብያታለሁ። ጨርሻለሁ።»

ደስታ ነበር የጠበቅሁት። ሌላው ቢቀር እንደ ፈተናው ቀን ያነሳኛል ብዬ ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁት ግን መንገድ ላይ ፖሊስ ከኋላ መብራት ያበራበትን ሰው ፊት ነው። «ጥሩ» አለ። «በጣም ጥሩ።» እና እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

እኔ ሞኟ ግን ዝግጅት ጀመርኩ። ሰሜን ይበርዳል ተብሏል። መሞሪያል ድራይቭ ላይ ካለው የሰልባጅ መደብር ሁለት የሱፍ ካፖርት ገዛሁ፤ ለእሱ ጥቁር፣ ለእኔ አረንጓዴ አንገቱ ሰፊ። የእሱ እጅጌ ይረዝም ነበርና ፈትቼ አሳጠርኩት። አትላንታ በኅዳር ምን ብርድ አላት? ወጥ ቤት ውስጥ ካፖርቱን አልብሼው ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ ዞር በል፣ ቀና በል እለዋለሁ፤ እሱ ግን መስታወት እንኳ አላየም። ለኮት ሲል ደህና ክርን የሚያስጥፍ ሰው መስታወት ሳያይ ሲቀር ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። አልገባኝም። ሬዲዮኑ ላይ የሚያደርገው አንድ የፍቅር ካሴት ነበረው፣ ታክሲ ውስጥ ሲጮህ የሚውል፤ በዚያ ሳምንት አንድ ቀን እንኳ አላጫወተውም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ያን ጊዜ ማመልከቻ በፖስታ ነው የሚላከው፤ ቀኑ ሳያልፍ የፖስታ ቤት ማኅተም ሊያርፍበት ይገባል። ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና አብረን ሄድን፣ በታክሲው። ፖስታውን ጭኔ ላይ አድርጌ ይዤው ነበር፣ እንደ ሕፃን። ፖስታ ቤት ስንደርስ ሰጠሁትና እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ፤ በመስታወቱ ይታየኛል። ሰልፉ አጭር ነው። ከኋላው የመጣችውን አሮጊት «ይቅደሙ» ብሎ አሳለፈ። ጨዋነት ነው አልኩ። ቀጥሎ የመጣውን ጎረምሳ አሳለፈ። ከዚያ ሌላ ሰው አሳለፈ። ከዚያ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ መኪናው መጣ፣ ፖስታውን እንደያዘ።

«ምነው?»

«አንድ ቃል አለች» አለና ገብቶ ተቀመጠ። የታሸገውን ፖስታ ቀደደው። ስለ ራሱ የጻፈውን ጽሑፍ አወጣ። «ጀስቲስ የሚለውን በትልቁ ፊደል ነው የጻፍኩት። በትንሹ ይሻላል እንዴ? በትልቁ ሲሆን ሰውዬው ትምክህተኛ ነው አይሉም?»

«መኩሪያ፣ ሊዘጉ ነው።»

«በትንሹ ሲሆን ደግሞ ንቆታል ይላሉ።»

«ዝም ብለህ ላከው።»

«ይሄ የዝም ብለህ ነገር አይደለም፣ የሺ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ወረቀቱን እያገላበጠ ተቀምጦ ሳለ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ሴት ከውስጥ መጥታ የመስታወቱን በር ቆለፈች። ቁልፉ ሲዞር መኪናው ውስጥ ድረስ የተሰማኝ ይመስለኛል። መኩሪያ ቀና ብሎ በሩን አየ። እና ማንም ቢጠይቀኝ እምልበታለሁ፣ ትንፋሹን ለቀቀ። ትከሻው ወረደ። «ሳስበው» አለ ሞተሩን እያስነሣ፣ «አርሊ ስልት አይደለም። ስኮላርሺፕ ማወዳደር አይቻልም። በመደበኛው ነው የሚሻለው።» ቤታችን እስክንደርስ ስለ ስኮላርሺፕ አስተማረኝ። ካሴቱንም ከፈተው።

መደበኛው ጊዜም መጣ፣ ሄደ። ያም አልተላከም።

ይህን ሁሉ ይቅር ብዬው ነበር። ሰው ይፈራል። እኔም ድንበር ሳቋርጥ ፈርቼ አውቃለሁ፤ የፈራ ሰው አልንቅም። የናቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። የጥምቀት ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የኢንጂነር ታዬ ሚስት ክንዴን ያዘችና «የሺዬ፣ አይዞሽ፣ እኔም ብሆን ባሌን አልለቀውም ነበር» አለችኝ፣ እንደ ማጽናናት። «ምኑን?» ስላት ደነገጠች። ለሸንጎው ተነግሯል፤ ባለቤቴ ከአትላንታ አልወጣም ብላኝ ቀረሁ ተብሏል። ኮሎኔሉ «ሴት ልጅ እግር ብረት ናት» ብሎ እንደነበረም ነገረችኝ። ክላርክስተን ሁሉ ሰምቷል። የሰማሁት የመጨረሻዋ ሰው እኔ ነኝ፣ እግር ብረቷ።

ቤት ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ጠየቅሁት። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት?»

ቴሌቪዥን ያያል። ዞሮም አላየኝም። «ለሰው ምን ልበል ታዲያ?» አለኝ።

ይኸው ነው። አልተጣላሁትም። የፈራውን ፍርሃት ለክቶ፣ ቆርጦ እኔን አልብሶኝ ሰው ፊት አወጣኝ፤ እና ለሱ የሚከነክነው ነገር ለሰው የሚለው ብቻ ነው። ፋሲካ ሳይደርስ ተለያየን። የሚስስ ሊን ላውንደሪ ሌሎች ሰዎች ወስደውት ነበር፤ ለእነሱ ተቀጥሬ ዓመታት ሠራሁ፣ ስሜን በዓይኔ የጻፍኩበትን መስታወት ራሴ እየወለወልኩ። ቆይቶ የራሴን አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ፤ ቤትም ፓይን ሌክ ገዛሁ፣ ትንሽ፣ ከዛፍ ሥር ያለች። መኩሪያ ቢሮ ከፍቶ ለሰው የኢሚግሬሽን ፎርም ይሞላል መባሉን ሰማሁ። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠበቃ ነው አይልም፣ አይደለምም አይልም። አሁንም «ጠበቃው» ነው የሚሉት አሉ። ዕድሜ ልኩን ባለቀ የስልክ ካርድ ሲደውል የኖረ ሰው!

«እትዬ የሺ!»

ፌቨን ናት። ከመኩሪያ ትከሻ በላይ አየችኝ። «ነይ እዚህ ቁጭ በይ፤ ጋሽ መኩሪያ ስለ ሎው ስኩል አድቫይስ እያደረገኝ ነው።» የዛሬ ልጆች አንቱ አይሉም፤ እኔ ደግሞ ከለመድኩት ቆይቻለሁ። ማን ለማን እንደሆንን ልጅቷ አታውቅም፣ ያኔ አልተወለደችም። እናቷ ግን ታውቃለች። ጽጌ የውሃ ጠርሙሶች እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

መኩሪያ ዞረ። አየኝና ብድግ አለ፣ ኮቱን ቆለፈ። «እንደምን ነዎት፣ ወይዘሮ የሺ?»

አንቱ አለኝ።

«ደኅና ነኝ። ተቀመጥ፣ ቀጥል። ባለቤትህ እምቢ ስትልህ ላይ ነበር የደረስከው።»

ፌቨን አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። «ኦ ማይ ጋድ» አለች ቀስ ብላ።

ልተወው እችል ነበር። ክርስትና ነው፣ የሰው ቤት ነው። ግን ልጅቷ ዕድሜዋን የምትወስንበት ምክር ውስጥ እኔ እንደ ማስፈራሪያ ገብቼ ልኖር አልወደድኩም። ወንበሬን አዙሬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«እስቲ እንጠያየቅ» አልኩት። «ላውንደሪውን አልፈልግም ብሎ የለቀቀው ማነው?»

«አንቺ» አለ። አንቱታው ወደቀ።

«ካፖርቱን ማን ገዛው?»

«አንቺ።»

«ላከው ያለህ ማነው?»

«አንቺ ነሽ፣ የሺ። አውቃለሁ።»

«ታዲያ እምቢ ያለው ማነው?»

ሲያስተባብል፣ «በሕግ ዓይን ስናየው» ሲል ነበር የጠበቅሁት፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር። መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ያለ መነጽር ትንሽ ሆነች።

«እምቢ ብትዪኝ ኖሮ እልከው ነበር» አለኝ። «እምቢ ትያለሽ ብዬ ነበር የጠየቅሁሽ። እጣላሻለሁ፣ ተናድጄ እልከዋለሁ ብዬ ነበር። አንቺ እሺ አልሽ። እሺ ስትዪ እኔና ወረቀቱ ብቻችንን ቀረን።»

ስንት ዘመን የንቀቴን ቦታ አጽድቼ፣ አቧራውን እየጠረግሁ ኖሬያለሁ፤ ሰውዬው የማያውቅ፣ ራሱን ያታለለ ሰው ነው ብዬ። ለካ ያውቃል። ይህን እያወቀ በየግብዣው «ባለቤቴ እምቢ ብላኝ» ሲል ኖሯል። ውሸቱን ራሱ አምኖት ቢሆን ይሻለው ነበር። አልማርኩትም፣ ልምረውም አይገባም። ብቻ ያዘጋጀሁት መልስ ለዚህ አልነበረም።

ቀድማ የተናገረችው ፌቨን ናት። «ላይክ፣ ጋይስ» አለች እጇን ግማሽ አንሥታ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ። «አይ ፊል ባድ። እኔ እኮ ማክሰኞ ሰብሚት አድርጌዋለሁ።»

ጽጌ ከበሩ «ምን አደረግሽ?» አለች።

«አፕሊኬሽኑን። አርሊ ዲሲዥን። ልኬዋለሁ፣ ማሚ።»

«ስኮላርሺፕ ባይሰጡሽስ?» አልኳት፤ ከአፌ ነው ያመለጠኝ፣ እንደ ኢንጂነር ታዬ።

«ሎን እወስዳለሁ። አስቤበታለሁ፣ ለወራት ነው ያሰብኩት። ሪስክ ነው፣ አይ ኖው። ግን እዚያ ነው የምፈልገው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ለምን ታዳምጪናለሽ?»

«ማሚ ትልልቅ ሰው ሳትጠይቂ እንዳትወስኚ ስላለችኝ።» ትንሽ አፈረች። «ሎንግ ስለነበረ ማቋረጥ አልፈለግኩም።»

ጽጌ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። መኩሪያ መነጽሩን በእጁ እንደያዘ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ።

«ስትልኪው» አላት፣ «ምን ተሰማሽ?»

ይህ የሚመክርበት ድምፅ አልነበረም። በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።

ፌቨን ትከሻዋን ሰበቀች። «አይ ዶንት ኖው። ምንም። ክሊክ አደረግኩትና ጂም ሄድኩ።»

«ጂም» አለ መኩሪያ።

«ማክሰኞ እዚያ ክላስ አለኝ፣ ሶ…»

ጽጌ ኬክ ሊቆረጥ ነው ብላ ሁላችንንም ጠራች። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ መመገቢያው ክፍል አለፈ፣ እኔም ተነሣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁት። አልተነሣም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የቀኙን ጠቋሚ ጣት፣ ክሊክ እንደሚያደርግ ሰው፣ ቀስ ብሎ አነሣና መልሶ አሳረፈው።